ካናሪ ደሴቶች ላይ ከዳርቻ አዳኝ ዓሣ ማጥመድ፦ በሰው ሠራሽ ማባበያ፣ በሞተ ዓሣ ወይስ በሕያው ዓሣ?

የአውሮፓ ብርድ ሲበረታ ከጀርመን፣ ከስዊድን ወይም ከእንግሊዝ ለአንድ ሳምንት ወደ ካናሪ ደሴቶች የሚበር ሰው ብዙ ነው። ከእነዚህ መካከል ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ዕቃ ይገዛል፣ ደሴቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ዕቃው የሚሠራበት ቦታ ፍለጋ ይዞራል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ከማረፊያችሁ በቅርብ የሚደረሰው ዳርቻ አሸዋ ነው፣ ዐለት ነው ወይስ የድንጋይ ግድብ? ለዓሣ የምትሰጡት ሰዓት ንጋት ነው ወይስ ከእራት በኋላ? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው ከሦስቱ መንገዶች የትኛው እንደሚያዋጣው ሻንጣ ከማዘጋጀቱ በፊት ያውቃል።

ሦስቱ መንገዶች እነዚህ ናቸው፦ ሰው ሠራሽ ማባበያ እየወረወሩ መጎተት፣ የሞተ ዓሣ ወይም ስኩዊድ የተባለውን የባሕር እንስሳ በእርሳስ ክብደት አሸዋ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ፣ ትንሽ ሕያው ዓሣ በተንሳፋፊ ሥር ማዋኘት። ዓሣ በሦስቱም ይያዛል። ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ግን እኩል አይደሉም። የእኛ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ዐለታማ ዳርቻ አጠገብ ያረፈና ማለዳ መነሳት የማይከብደው ሰው ማባበያ ይያዝ፤ ረጅም አሸዋማ ዳርቻ ላይ ያረፈና ሌሊት ብቻ ነጻ የሚሆን ሰው የሞተ ዓሣ ይጠቀም፤ ሕያው ዓሣን ደሴቱን በደንብ ለሚያውቅ ሰው እንተወው።

የሚፈለጉት ዓሦች

ከዳርቻ የሚያዙት ዋነኞቹ አዳኞች ብሉፊሽ፣ ባራኩዳ፣ አትላንቲክ ቦኒቶ እና አምበርጃክ ናቸው። የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ገብታችሁ ስትጠይቁ የደሴቱ ሰው የሚገባው በራሱ አጠራር ነው፦ ብሉፊሽን ፔሄሬይ፣ ባራኩዳን ቢኩዳ፣ ቦኒቶን ሲየራ፣ አምበርጃክን መድሬጋል ይላል። ጠባያቸው የተለያየ በመሆኑ ዕቃውን የሚወስነው እሱ ነው። ብሉፊሽ ጥርሱ ምላጭ ነው፤ አረፋ የሚነሳበትና ሞገድ የሚሰበርበት ውሃ ይወዳል። ባራኩዳ ሲመሽና ከመንጋቱ በፊት ወደ ዳር ይጠጋል፤ ዝግ ብሎ የሚሄድ ረዘም ያለ ነገር ይከተላል። ቦኒቶ በቀን ብርሃንም ይመጣል፤ በፍጥነት ይዋኛል፣ ትናንሽ ዓሦችን ወደ ውሃው ገጽ እየነዳ ያስፈነጥራቸዋል። አምበርጃክ ጥልቅ ውሃ ከዐለቱ ሥር በሚጀምርበት ቦታ ይገኛል፤ ሲያዝ ቀጥታ ወደ ታች ወደ ድንጋዩ ይሮጣል።

የባሕሩ ሙቀት በየካቲትና በመጋቢት ገደማ ከ18 እስከ 19 ዲግሪ፣ በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ደግሞ ከ23 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ለብርድ ሽሽት የሚሄድ ሰው ማጥመድ ቢችልም፣ ከዓሣው ብዛት አንጻር ምርጫ ያለው ሰው በመከር ወራት ይሂድ።

አንደኛው መንገድ፦ ማባበያ

ትልቁ ጥቅሙ ዕቃው ሻንጣ ውስጥ መግባቱ ነው። በ4 ወይም በ5 ክፍል የሚነቃቀል፣ ሲገጠም ከ2.7 እስከ 3 ሜትር የሚደርስ፣ ከ20 እስከ 60 ግራም መወርወር የሚችል ዘንግ ተነቃቅሎ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዚህ ያጠረ ዘንግ ዐለት ላይ ያስቸግራል፤ ዓሣው እግራችሁ ሥር ሲደርስ ክሩ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ይፋተጋል። ሪሉ (የክር መጠቅለያው) መጠኑ 4000 ወይም 5000 ቁጥር ይሁን። ከ0.18 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተጎነጎነ ክር 250 ሜትር ጠቅልሉበት፤ ነገር ግን እስከ ጫፉ አትሙሉት። ከሪሉ ከንፈር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ሞልቶ የፈሰሰ ሪል ነፋስ ላይ ሲወረወር ብዙ ዙር ክር በአንድ ጊዜ ይለቅና መሐል ላይ ይተበተባል። ክሩ ረግቦ ሲጠቀለልም ያው ነው፤ ስለዚህ ማባበያው ውሃ ከመንካቱ በፊት ክሩን በጣት ያዝ አድርጉት፣ የሪሉን ቅስት በእጅ ዝጉ፣ ክሩን ወጠር አድርጋችሁ መጠቅለል ጀምሩ።

የተጎነጎነ ክር ድንጋይ ሲነካ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ 0.50 ወይም 0.60 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሜትር ተኩል ፍሎሮካርቦን (ያልተጎነጎነ ጥርት ያለ ክር) ይቀጠላል። ለቅጥሉ ኤፍጂ የሚባለው ቋጠሮ በጣም ቀጭን ስለሆነ በቀለበቶቹ ውስጥ ሳይጋጭ ያልፋል። ችግሩ በጨለማና በነፋስ ለማሰር አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ደብል ዩኒ የሚባለው ቋጠሮ ወፈር ይላል፣ ግን ማንም ሰው በአንድ ማታ ይለምደዋል፦ በተጎነጎነው በኩል 8 ዙር፣ በፍሎሮካርቦኑ በኩል 4 ዙር፣ ሁለቱን በምራቅ አርጥቦ ቀስ ብሎ ማጥበቅ። ሳያረጥቡ የሚያጠብቁት ቋጠሮ በራሱ ሙቀት ይጎዳና ትልቁ ዓሣ ሲመጣ ይለቃል።

ሽቦ ያስፈልጋል ወይ? ለብሉፊሽ አዎ። 0.80 ሚሊ ሜትር ፍሎሮካርቦንም ቢሆን ይቆርጠዋል። ከማባበያው ፊት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ 15 ኪሎ የሚችል ሽቦ ይበቃል። ባራኩዳ ግን ውሃው ሲጠራ ሽቦ ያለበትን ማባበያ ተከትሎ ይመለሳል። ለእሱ ሽቦውን አውጥቶ 0.70 ፍሎሮካርቦን በማሰር አልፎ አልፎ አንድ ማባበያ ማጣትን መቀበል ይሻላል። ቦኒቶ ሽቦ አያስፈልገውም።

ሣጥን ሙሉ ማባበያ ይዞ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። ከ30 እስከ 40 ግራም የሆኑ 4 ጂጎች (የሚሰምጡ የብረት ማባበያዎች)፣ ከ14 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ 2 ተንሳፋፊ ሚኖዎች (ትንሽ ዓሣ የሚመስሉ ማባበያዎች)፣ 30 ግራም ገደማ የሆነ አንድ ፖፐር (በውሃው ገጽ ላይ ውሃ እየረጨ የሚጎተት ማባበያ) ይዞ የሄደ ሰው አይቸገርም። ጂጎቹ የሚበዙት ድንጋይ ስለሚይዛቸው ነው።

ከእነዚህ መካከል የትኛውን መጀመሪያ ማሰር እንዳለባችሁ ነፋሱና ብርሃኑ ይነግራችኋል። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ጂግ ብቻ ነው የሚሄደው። ወርውራችሁ እስኪሰምጥ ቁጠሩ፤ 12 ላይ ታች ከነካ በሚቀጥለው ውርወራ 9 ላይ መጎተት ጀምሩ። ታች እንዲነካ መተው ጂጉን ለድንጋዩ መስጠት ነው። አጎታተቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈጠን፣ ከዚያ ቆም፤ አብዛኛው ዓሣ የሚነክሰው ሲቆምና ሲወርድ ስለሆነ በዚያች ሰከንድ ክሩ እንዳይረግብ። ሚኖው ለማታና ለንጋት ነው። የሪሉን እጀታ በሰከንድ አንድ ዙር ያህል ማዞር ይበቃል፤ ፈጥኖ መጎተት ባራኩዳን ያርቃል። ፖፐር ውሃው በትንሹ ሲናወጥ ለብሉፊሽ ግሩም ነው፤ ዓሣው አንዴ ሁለቴ ይስታል። ውሃው ሲፈነዳ ስላያችሁ ብቻ ዘንጉን አትንጠቁ፤ ክብደቱን እጃችሁ እስኪያውቀው ጠብቁ።

ማባበያዎቹ ሲገዙ የሚመጡበትን ባለሦስት ጥርስ መንጠቆ አውጥታችሁ በነጠላ መንጠቆ ብትቀይሩ ጥሩ ነው። ብሉፊሽ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሲፈራገጥ አንዱ መንጠቆ በአፉ፣ ሌላው በእጃችሁ የሚገባው በባለሦስቱ ነው። የነጠላውንም ወደ ኋላ የዞረ ሹል ማስቀሪያ በፒንሳ ጨፍልቁት።

ዓሣው ሲጎትት ክር የሚለቀውን የሪሉን ፍሬን በግምት የሚያጠብቅ ሰው ብዙ ነው። ሻንጣ የምትመዝኑበትን የእጅ ሚዛን ተጠቀሙ፦ ክሩን በቀለበቶቹ አሳልፋችሁ ሚዛኑ ላይ እሰሩ፣ ዘንጉን 45 ዲግሪ ያህል ይዛችሁ ሌላ ሰው ሚዛኑን እንዲጎትት አድርጉ፣ ክሩ መልቀቅ የሚጀምረው 3 ኪሎ አካባቢ እንዲሆን አስተካክሉ። 12 ኪሎ ለሚችል ክር ይህ ሩብ ያህል ነው፤ ለቋጠሮውም ለዘንጉም ደኅና ነው። ለአምበርጃክ ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ዐለቱ ውስጥ ይገባል።

የሚነቃቀል ዘንግ አንድ ድካም አለው። በውርወራ ብዛት መጋጠሚያዎቹ ይላላሉ፣ ላልቶ የተወረወረ ዘንግ ደግሞ እዚያው ላይ ይሰበራል። በየ15 ወይም 20 ውርወራ እየዳሰሳችሁ አጥብቁ፤ ወንዱን ጫፍ ነጭ ሻማ በስሱ ብትቀቡት መላላቱም መጣበቁም ይቀንሳል።

ዐለት ላይ መቆም

ማባበያን ከዐለት የመረጠ ሰው ከዓሣው በፊት ስለ ሞገዱ ያስብ። በእነዚህ ደሴቶች ከዳርቻ የሚያጠምዱ ሰዎች በሞገድ ይወሰዳሉ፤ ይህ በየጊዜው የሚደርስ እውነተኛ አደጋ ነው። ትላልቅ ሞገዶች በቡድን ይመጣሉ፤ አሥር ደቂቃ ጸጥ ያለ ባሕር በድንገት ሦስት አራት ትልልቅ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት ከላይ ሆናችሁ 20 ደቂቃ ተመልከቱ። ዐለቱ እስከ የት እንደረጠበ እዩ፤ ከዚያ መስመር በታች አትቁሙ። ጥቁርና አረንጓዴ የሆነ እርጥብ ድንጋይ ያንሸራትታል። በሰንደል ጫማ አይወረድም። ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ፣ ብቻችሁን አትሂዱ።

ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ቋሚ ነፋስ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይበረታል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ትልቅ ሞገድ ይመጣል። በሁለቱም ጊዜ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ዳርቻዎች የተሻለ ከለላ አላቸው፤ አብዛኞቹ ሆቴሎችም ያሉት እዚያው ነው። የስፔን የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት አኤሜት ለባሕር ዳርቻ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ማስጠንቀቂያ ካወጣ ያን ቀን ከዐለት አይጠመድም። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለትና 112 ደውሉ።

የባሕሩን ሙላትና ጉድለትም እወቁ። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በምትሆንበት ሰሞን ልዩነቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። በጉድለት ጊዜ በእግር የተሻገራችሁት ድንጋይ ባሕሩ ሲሞላ ደሴት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለማጥመድ የሚሻለው የመሙላቱ የመጨረሻ ሁለት ሰዓት ከንጋት ወይም ከምሽት ጋር የሚገጥምበት ቀን ነው።

የያዛችሁትን ዓሣ በዘንግ አንጠልጥላችሁ አታውጡ፤ ዘንጉ ጫፉ ላይ ይሰበራል። ሞገድ ሲመጣ ከሞገዱ ጋር አብሮ እንዲወጣ ጠብቁ ወይም እጀታው 3 ሜትር የሚሆን መረብ ተጠቀሙ።

ሁለተኛው መንገድ፦ የሞተ ዓሣ በአሸዋ ላይ

ግራን ካናሪያ ላይ ካለው ከማስፓሎማስ ወይም ከፉዌርቴቬንቱራ ደሴት ደቡብ ረጅም አሸዋ አጠገብ ላረፈና ልጆች ከተኙ በኋላ ብቻ ለሚወጣ ሰው ይህ ይስማማዋል። አካል አያደክምም፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠበቃል። ምግቡም ከሱፐርማርኬት ይገኛል፦ ሰርዲን፣ ማኬሬል፣ ስኩዊድ። ሰርዲን ሽታው ይስባል፣ ግን ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ ሲወረወር ይበተናል፤ በቀጭን ላስቲክ ክር አሥር ጊዜ ያህል ጠቅልላችሁ እሰሩት። ስኩዊድ ይጠነክራል፤ ትናንሽ ዓሦች ቶሎ አይጨርሱትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከ100 እስከ 150 ግራም እርሳስ በዋናው ክር ላይ የሚንሸራተት ይሆናል። ከሥሩ ስዊቭል (የሚሽከረከር ማገናኛ)፣ ከዚያ 60 ሴንቲ ሜትር ወፍራም ክር፣ ጫፉ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ሽቦና የመጠን ቁጥሩ 4/0 ወይም 5/0 የሆነ ክብ መንጠቆ። ክብ መንጠቆ የዓሣውን ጥግ ከንፈር ይይዛል እንጂ ሆዱ ውስጥ አይገባም፤ ዘንጉን መንጠቅ አያስፈልግም፣ ዓሣው ራሱ ይሄድበታል። ጀማሪዎች የሚስቱት ርቀቱን ነው። 100 ሜትር ለመወርወር ይታገላሉ፤ ብሉፊሽ ግን ሌሊት ሞገዱ ከሚሰበርበት ጀርባ፣ ከ30 እስከ 60 ሜትር ባለው ውስጥ ሊያድን ይችላል።

ድክመቱ ዘንጉ ነው። ለዚህ የሚሆነው 4.2 ሜትር ገደማ ነው፤ በሦስት ቢነቃቀልም እያንዳንዱ ክፍል ወደ ሜትር ተኩል ስለሚጠጋ ሻንጣ አይገባም፤ አየር መንገዱ እንደ ስፖርት ዕቃ ለብቻው ሊያስከፍል ይችላል። እዚያው አንዱ ክፍል ከሌላው ውስጥ እየተሳበ የሚወጣ ርካሽ ዘንግ መግዛት ይሻላል። እሱም ቢሆን አሸዋ መጋጠሚያው ውስጥ ከገባ አይዘጋም፤ አሸዋ ላይ አታስተኙት፣ መደገፊያ ትከሉለት።

ሌላው ድክመት የሚፈልጉትን ዓሣ ለይቶ አለመያዙ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስቲንግሬይ ነው፤ የጅራቱ እሾህ መርዛማ ነው። አንጀል ሻርክም ይመጣል። ይህ ጠፍጣፋ ሻርክ በዓለም ላይ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ያለና በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ካናሪ ደሴቶች ከቀሩት ዋነኛ መኖሪያዎቹ አንዱ ናቸው። በጅራቱ አታንሡት፣ ከውሃ አታውጡት፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ እንዳለ ክሩን ከመንጠቆው አጠገብ ቆርጣችሁ ልቀቁት።

ሰው የሚዋኝበት ዳርቻ ላይ በመዋኛ ሰዓት ማጥመድ አይፈቀድም። ሰዓቱን የሚወስነው የየአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ስለሆነ ከሆቴሉ ወይም ከዕቃ ሱቁ ጠይቁ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ሕያው ዓሣ

ትልልቁን ብሉፊሽና አምበርጃክ በማታለል የሚወዳደረው የለም። ግን መጀመሪያ ትንሹን ዓሣ መያዝ አለባችሁ፤ ለዚህም በባትሪ አየር የሚነፋ ባልዲ ያስፈልጋል። በአንድ ባልዲ ከአራት አምስት በላይ ካስቀመጣችሁ ይታፈናሉ። ከዚያ ትልቅ ተንሳፋፊ፣ ሽቦ፣ ከጀርባው ክንፍ ፊት በስሱ የሚወጋ መንጠቆ። ለዚህ የሚመቸው ግድብና ወደብ ነው፤ ወደብ ውስጥ ማጥመድ ደግሞ ብዙ ቦታ የተከለከለ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ያለው ሰው አንዱን ሰዓት ትንሹን ዓሣ ፍለጋ ያጠፋዋል።

ይዞ መሄድ ወይስ እዚያ መግዛት

ሪል፣ ክርና ማባበያ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። እርሳስ፣ የአሸዋ ዘንግና የመንጠቆ ምግብ እዚያ ግዙ፤ እርሳስ ተሸክሞ መብረር ትርጉም የለውም። ደካትሎን የተባለው የስፖርት ዕቃ መደብር በግራን ካናሪያም በተነሪፌም አለ፤ ከሱ ይልቅ ግን ወደብ አጠገብ ያለ ትንሽ ሱቅ ይጠቅማችኋል፣ ምክንያቱም በዚያ ሳምንት ምን በምን እየተያዘ እንደሆነ ያውቃል። መንጠቆና ፒንሳ በእጅ ሻንጣ አይገቡም፤ በሚጫነው ሻንጣ፣ በጠንካራ ሣጥን ይሁኑ። ፒንሳው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ይሁን። ከብሉፊሽ አፍ መንጠቆ በጣት አይወጣም።

ፈቃድ

ከዳርቻ ለማጥመድ የካናሪ መንግሥት የሚሰጠው የሦስተኛ ክፍል የመዝናኛ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ይጠየቃል። በጀርመን ለዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ እንደሚሰጠው ያለ ፈተና የለውም። ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሳችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙት። የያዛችሁትን ዓሣ መሸጥ ክልክል ነው፤ ለአንድ ሬስቶራንት መስጠትም ጣጣ ያመጣል። ከላንዛሮቴ ሰሜን ላ ግራሲዮሳ ዙሪያ፣ ኤል ዬሮ ላይ ላ ሬስቲንጋ፣ እንዲሁም ላ ፓልማ ላይ የባሕር ጥብቅ ሥፍራዎች አሉ። እዚያ ያለው ደንብ ከሌላው ዳርቻ ይለያል፤ የተፈቀደበትን መስመር ካርታ ላይ ሳታዩ አትወርውሩ።

የሚበላና የማይበላ

ትልቅ አምበርጃክ ያዘ ሰው ፎቶ አንሥቶ ይልቀቀው። በእነዚህ ደሴቶች ሲጓቴራ የሚባል መርዝ በትልልቅ አምበርጃክና ግሩፐር ሥጋ ውስጥ ተገኝቷል፤ በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ ቤተሰብ በትልቅ አምበርጃክ ከታመመ ወዲህ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። ሽታም ጣዕምም የለውም። ምልክቱ ማስታወክና ተቅማጥ፣ ከዚያ የከንፈርና የጣት መደንዘዝ፣ ቀዝቃዛው ነገር እንደሚያቃጥል ሆኖ መሰማት ነው።

ቦኒቶና ብሉፊሽ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ፀሐይ ላይ ከቆዩ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ይፈጠራል፤ እሱም በእሳት አይጠፋም፣ ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል። ለመብላት የምታስቀሩትን ወዲያው ግደሉ፣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ፣ በረዶ ውስጥ ክተቱ። በረዶ ሳይዙ ከሄዱ ሁሉንም መልቀቅ ነው። ሲነካ የሚነፋውን ታምቦሪል የሚባለውን ዓሣ በምንም መንገድ አትብሉ፤ መርዙ ይገድላል። አሸዋ ውስጥ የሚደበቀው ዊቨር የተባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ በእሾሁ ይወጋል። የተወጋውን እጅ ወይም እግር መታገሥ በሚቻል ሙቅ ውሃ፣ ከ45 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያበርዳል።

ማታ ወደ ሆቴል ስትመለሱ የሪሉን ፍሬን አጥብቃችሁ ለብ ባለ ለስላሳ የሻወር ውሃ ጨዉን አጥቡት፤ ኃይለኛ ውሃ ጨዉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የዘንጉን ቀለበቶችና ማባበያዎቹንም አጥባችሁ በፎጣ አድርቁ። ከዚያ ፍሬኑን አላልታችሁ አስቀምጡት፤ ተጨምቆ ያደረ ፍሬን በነጋታው እየያዘና እየለቀቀ ክር ያስበጥሳል።